«ሞል» እንቆቅልሽ አይደለም፤ ትልቅ ደርዘን ነው!

«እስከዚያ ድረስ ደህና ነበርኩ፤ ሞል የሚባል ነገር ሲመጣ ግን ሁሉ ነገር ተበላሸ!»

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን «ኬሚስትሪን ለምን ጠላችሁት?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ የሚሰጧችሁ መልስ ከዚህ አይርቅም። የአቶሙን ሥዕል ስለው፣ የንጥረ ነገሮቹን ምልክት ሸምድደው ደህና ሲጓዙ ይቆዩና፣ መምህሩ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ሞል» ብለው ጽፈው ከጎኑ ያን 23 አናቱ ላይ የተሰቀለበትን ቁጥር ሲያስከትሉበት ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንዱ ቀመሩን እንደ ጸሎት ይደግማል፤ ሌላው ከጓደኛው ይገለብጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እኔ ለሳይንስ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይቆርጣል። ነርስ ወይም ፋርማሲስት እሆናለሁ ሲል የነበረ ልጅ በአንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ምክንያት የሕይወቱን መንገድ ይቀይራል ማለት ነው። ያሳዝናል!

ወላጅስ ቢሆን ምን ያድርግ? ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲመጣበት «ምንድን ነው እሱ ደግሞ? ልብስ የሚሸጥበት ሞል ነው?» ብሎ ከመሳቅ በቀር የሚለው የለውም።

ነገሩ ግን የተማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሞል በስኳር መለኪያው መስኮት ላይ አለ። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው በምንበጠብጠው ከረጢት ውስጥ አለ። በከሰል ማንደጃውም ውስጥ አለ። ዝቅ ብላችሁ እንደምታነቡት፣ አንዲት እናት ይህችን ቃል ባለማወቃቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። ስለዚህ ተማሪም ሆናችሁ ወላጅ፣ ታማሚም ሆናችሁ አስታማሚ ለጥቂት ደቂቃ አብረን እንቆይ። ቀመር አናበዛም፤ ቃል እንገባለን።

ብሎን በፍሬ ወይስ በኪሎ?

አንድ ብረት ሠራተኛ 200 ብሎን ያስፈልገዋል እንበል። በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ሮንዴላ ይገባል። ስለዚህ 400 ሮንዴላ ይፈልጋል። ወደ ሱቁ ሄዶ «200 ብሎን፣ 400 ሮንዴላ ቁጠርልኝ» ቢል ባለሱቁ ምን ይለዋል? «ወንድሜ፣ ሥራ አለብኝ!» ነው የሚለው። እዚያ ሱቅ ነገር የሚሸጠው በኪሎ ነዋ።

ብልህ ሠራተኛ ታዲያ ምን ያደርጋል? አንዱን ብሎን ይመዝናል፤ 50 ግራም። አንዷን ሮንዴላ ይመዝናል፤ 5 ግራም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ነው። 200 ብሎን ማለት 10 ኪሎ፣ 400 ሮንዴላ ማለት ደግሞ 2 ኪሎ ነው። «10 ኪሎ ብሎን፣ 2 ኪሎ ሮንዴላ» ብሎ አዝዞ አንድም ፍሬ ሳይቆጥር ልኩን ይዞ ይሄዳል።

ያላሰበበትስ? «10 ኪሎ ብሎን ከገዛሁ 10 ኪሎ ሮንዴላም ይሁንልኝ» ይላል። ቤቱ ሲደርስ 200 ብሎንና 2,000 ሮንዴላ ይዞ ቁጭ! 1,600 ሮንዴላ ተርፎት ገንዘቡን ይቆጫል። ኪሎው እኩል ስለሆነ ቁጥሩ እኩል የሆነ መስሎታልና።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዱ ብሎን የአንዷን ሮንዴላ 10 እጥፍ ይመዝናል። ስለዚህ 10 ኪሎ ብሎንና 1 ኪሎ ሮንዴላ በቁጥር ሁልጊዜ እኩል ናቸው። 10 ኩንታል ብሎንና 1 ኩንታል ሮንዴላም እንዲሁ። ስንት ፍሬ እንደሆኑ ባታውቁ እንኳ እኩል መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ይህችን ነገር የያዘ ሰው ሞልን ያዘ ማለት ነው። የቀረው ስም መቀየር ብቻ ነው።

ከብሎን ወደ አቶም

ኬሚስቱም ልክ እንደዚያ ብረት ሠራተኛ ነው። አቶሞች የሚጋጠሙት በፍሬ ነው። ውሃ ለመሥራት ሁለት ሃይድሮጅን ከአንድ ኦክስጅን ጋር ይገጥማል፤ ሁለት ሮንዴላ ለአንድ ብሎን እንደማለት ነው። ነገር ግን አቶምን በጣት እየቆጠረ የሚያቀብል ሰው የለም። በእጃችን ያለው ሚዛን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቆጠረውን በሚዛን መቁጠር ግድ ሆነ።

አንድ የኦክስጅን አቶም የአንድ ሃይድሮጅን አቶምን 16 እጥፍ ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ 1 ግራም ሃይድሮጅንና 16 ግራም ኦክስጅን ውስጥ ያሉት አቶሞች በቁጥር እኩል ናቸው። ካርቦን የሃይድሮጅንን 12 እጥፍ ስለሚመዝን 12 ግራም ካርቦንም ያንኑ ቁጥር ይይዛል። 27 ግራም አሉሚኒየም፣ 56 ግራም ብረት፣ 197 ግራም ወርቅ… ሁሉም በቁጥር እኩል! ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ የያዘው የአቶም ክብደት «ይህን ያህል ግራም ብትመዝን ያችኑ ቁጥር ታገኛለህ» የሚል የዋጋ ዝርዝር ነው ብላችሁ ውሰዱት።

ያች ቁጥር ናት ሞል የተባለችው። ሌላ ምስጢር የለባትም። እንቁላል 12 ሲሆን «ደርዘን» እንላለን፤ ሁለት ጫማ «ጥንድ» እንላለን፤ አቶም ወይም ሞለኪውል ያን ያህል ሲሆን «ሞል» እንላለን። ደርዘን የእንቁላልም የእርሳስም መቁጠሪያ እንደሆነ ሁሉ ሞልም የአቶምም፣ የሞለኪውልም፣ የኤሌክትሮንም መቁጠሪያ ነው። አንድ ደርዘን እንቁላልና አንድ ደርዘን ሐብሐብ በቁጥር እኩል ናቸው፤ በክብደት ግን አይገናኙም። አንድ ሞል ውሃም 18 ግራም፣ አንድ ሞል የገበታ ጨው 58 ግራም ተኩል፣ አንድ ሞል የቡና ስኳራችን ደግሞ 342 ግራም ነው።

ውሃው ለምን 18 ሆነ? ሁለት ሃይድሮጅን (1 እና 1)፣ አንድ ኦክስጅን (16)፤ ድምሩ 18። ይኸው ነው። ይህ በሻይ ማንኪያ ሦስት ተኩል ያህል ውሃ ነው፤ አንድ ጉንጭ እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ቁጥሩ ስንት ነው?

እዚህ ላይ ያዝ በሉ። በአንድ ሞል ውስጥ ያለው ቁጥር 602,214,076,000,000,000,000,000 ነው። በቃል ይነገር ከተባለ 602 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ገደማ ነው። መጽሐፉ ዜሮ መደርደር ሰልችቶት ነው 6.02 ሲባዛ በ10፣ አናቱ ላይ 23 አድርጎ የሚጽፈው። 23ቷ «ነጥቧን 23 ቤት ወደ ቀኝ ውሰዳት» የምትል ማስታወሻ ናት እንጂ የምታስፈራ አይደለችም።

ይህን ያህል ቁጥር በአገራችን ነገር እንለካው። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ወደ 3 ሺህ ፍሬ ይገባል እንበል። አንድ ሞል የጤፍ ፍሬ ቢኖረን ስንት ኩንታል ይሆናል? ወደ 2 ሚሊዮን ቢሊዮን ኩንታል! ኢትዮጵያ በዓመት 50 ሚሊዮን ኩንታል ያህል ጤፍ ታመርታለች ብለን ብንይዝ፣ ያን ለመሰብሰብ አንድም እንጀራ ሳይበላ ለ40 ሚሊዮን ዓመት ማረስ ሊኖርብን ነው። ያው ቁጥር የውሃ ሞለኪውል ሲሆን ግን ሦስት ተኩል የሻይ ማንኪያ ብቻ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሞለኪውል ምን ያህል ኢምንት እንደሆነ የሚገባን ያኔ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት እንዲህ ነው።

ማን አመጣው?

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1811 ነው። አመዴኦ አቮጋድሮ የተባለ ጣሊያናዊ፣ ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆነ ጋዞች በእኩል ቦታ ውስጥ እኩል ቁጥር ያለው ሞለኪውል ይይዛሉ አለ። በጊዜው ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1856 ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1860 በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ በተደረገ የኬሚስቶች ጉባኤ ላይ የአገሩ ልጅ ካኒዛሮ ሐሳቡን ይዞ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ጆሮ የሰጠው።

«ሞል» የሚለውን ቃል በ1890ዎቹ ያመጣው ደግሞ ቪልሄልም ኦስትቫልት የተባለ ኬሚስት ነው። የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? ይህ ሰው ያኔ አቶም ስለመኖሩ ራሱ አያምንም ነበር! የሚያየው ግራሙን እንጂ ፍሬውን አልነበረም። ብሎኑን ሳያይ በኪሎ የሚነግድ ነጋዴ በሉት። ኋላ ላይ ዣን ፔራን የተባለ ፈረንሳዊ፣ በውሃ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የሙጫ ቅንጣቶችን በማይክሮስኮፕ እየቆጠረ ቁጥሩን አሰላ፤ በ1909 ለአቮጋድሮ መታሰቢያ ብሎ ሰየመው። በዚያው ዘመን ኦስትቫልትም «አቶም አለ» ብሎ አመነ። ፔራን በ1926 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሞል የሚለካው በ12 ግራም ካርቦን ነበር። ከግንቦት 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ከላይ የጻፍነው ቁጥር ራሱ፣ ያለ አንድ ጉድለትና ያለ አንድ ትርፍ፣ የሞል ትርጉም ሆኗል። ልክ ደርዘን 12 እንደሆነ ማለት ነው።

የስኳር መለኪያው ጉድ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ አንዲት እናት ለዓመታት የስኳር ሕመም አለባቸው። ጤና ጣቢያ ሲለኩ «130» «145» ሲባሉ ጆሯቸው ለምዷል። ታዲያ እንግሊዝ አገር የሚኖረው ልጃቸው ለእናቱ አስቦ በቤት የምትለካ መሣሪያ በሰው ይልክላቸዋል። እሳቸውም ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ጣታቸውን ወጋ አድርገው ቢለኩ መሣሪያዋ «7.8» አለች።

«ከ140 ወደ 7? ስኳሬ አለቀ!» ብለው ደነገጡ። ስኳር ሲወርድ ጣፋጭ ይወሰዳል ሲባል ሰምተዋልና ለስላሳ አስገዝተው ጠጡ፤ የዕለቱን ክኒንም ዘለሉ። ከሰዓት ሲለኩ «14» አለች። «ጥቂት ከፍ አለ፤ ግን ገና ነው» ብለው ሌላ ለስላሳ። ማታ ላይ ውሃ ጥሙ፣ ሽንቱ፣ ድካሙ… አላስቆም ሲላቸው ልጃቸው ሮጣ የጎረቤት ነርስ ጠራች። ነርሷ መሣሪያዋን አይታ «19.5? እማማ፣ ይሄ እኮ እኛ በለመድነው ከ350 በላይ ነው!» ብላ ሌሊቱን ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። ተርፈዋል።

መሣሪያዋ አልተበላሸችም፤ አልዋሸችም። የቆጠረችው በሌላ መቁጠሪያ ነው። እዚህ አገር የስኳር ውጤት በአብዛኛው የሚነገረው በክብደት፣ ማለትም በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ስንት ሚሊግራም ስኳር አለ ተብሎ ነው። አሜሪካና እስራኤልም እንደዚሁ። እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ስዊድን ግን በቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ሚሊሞል ስኳር አለ ብለው ነው የሚናገሩት። ሚሊሞል የሞል አንድ ሺህኛ ነው። አንዱ «10 ኪሎ ብሎን» ሲል ሌላው «200 ፍሬ» ይላል፤ ዕቃው ግን ያው ነው።

ማገናኛዋ ቀላል ናት። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ግሉኮስ ይባላል፤ አንድ ሞሉ 180 ግራም ነው። አንድ ሚሊሞል 180 ሚሊግራም ይሆናል። ይህ በአንድ ሊትር ነው። ዴሲሊትር የሊትር አንድ አሥረኛ ስለሆነ 18 ይመጣል። በቃ፤ ከሚሊሞል ወደ ሚሊግራም ስትሄዱ በ18 ማባዛት፣ ስትመለሱ ለ18 ማካፈል ነው። 7.8 ሲባዛ በ18 ወደ 140 ነው። የእኚህ እናት ስኳር ያን ዕለት ጠዋት እንደ ወትሮው ነበር!

ይህችን ዝርዝር ቆርጣችሁ ከመሣሪያው ጋር አስቀምጧት፦

3.9 ሚሊሞል — 70 ሚሊግራም (ከዚህ በታች ስኳር ወርዷል ይባላል)
5.6 ሚሊሞል — 100 ሚሊግራም
7.0 ሚሊሞል — 126 ሚሊግራም (በባዶ ሆድ በተደጋጋሚ ከዚህ ከጀመረ የስኳር ሕመም ይባላል)
10.0 ሚሊሞል — 180 ሚሊግራም
11.1 ሚሊሞል — 200 ሚሊግራም
13.9 ሚሊሞል — 250 ሚሊግራም

አንድ ምልክት ልስጣችሁ፤ መሣሪያው ነጥብ ያለው ቁጥር (እንደ 7.8) ካሳየ በሚሊሞል ነው፤ ነጥብ የሌለው (እንደ 140) ካሳየ በሚሊግራም ነው። ያም ሆኖ መስኮቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል። ከውጭ መሣሪያ የምትልኩ ልጆችም አደራ፤ ከመላካችሁ በፊት የወላጆቻችሁ ሐኪም በየትኛው እንደሚናገር ጠይቁ። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መለኪያውን ጨምራችሁ ንገሩ። መድኃኒት መቀነስ፣ መጨመርና ማቆም የሐኪም ሥራ እንጂ የጋዜጣ አይደለም።

ደግሞ 18ቷን ለሁሉም ነገር እንዳትጠቀሙባት። ኮሌስትሮልም በሁለቱም መንገድ ይነገራል፤ የእሱ ሞለኪውል ግን ከባድ ነው፤ አንድ ሞሉ 387 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ማባዣው 38.7 ነው። 200 ሚሊግራም ኮሌስትሮል 5.2 ሚሊሞል ይሆናል። ብሎንና ሮንዴላ በአንድ ዋጋ አይሰሉም!

የኦ አር ኤሷ ከረጢት

ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው የሚሰጠው ኦ አር ኤስ የስንቱን ልጅ ሕይወት እንዳተረፈ ሁላችንም እናውቃለን። ከረጢቷ ግን በዘፈቀደ የተሞላች እንዳትመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚመክሩት ቅመማ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስ ይገባል። ከገበታ ጨውና ሲትሬት ከተባለው ጨው የሚገኘው ሶዲየም ደግሞ ሲደመር 1.7 ግራም ያህል ብቻ ነው። በዓይን ሲታይ ስኳሩ የሶዲየሙን 8 እጥፍ ያህል ነው። በሞል ስትቆጥሩት ግን ሁለቱም 75 ሚሊሞል ናቸው፤ በቁጥር እኩል!

ይህ በአጋጣሚ አይደለም። አንጀት ውስጥ ግሉኮስ ሶዲየምን ይዞ ይገባል፤ ውሃው ደግሞ እነሱን ተከትሎ ይገባል። በር ላይ የሚቆጠረው ፍሬ እንጂ ግራም አይደለም። ስለዚህ «ልጁ ይጣፍጠው» ብሎ ስኳር መጨመር፣ ወይም «ወፈር ይበል» ብሎ ውሃውን ማሳነስ ቆጠራውን ያበላሸዋል። መጠጡ ከመጠን በላይ ሲወፍር ውሃውን ወደ ሰውነት በማስገባት ፈንታ ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል። አንድ ሊትር ከተባለ አንድ ሊትር ነው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ቤት ውስጥ አይጠፋም፤ ከረጢቷ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ በእሷ ለኩ።

ከሰሉስ?

12 ግራም ካርቦን በደንብ ሲነድ 32 ግራም ኦክስጅን ይዞ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አንድ ካርቦን ከሁለት ኦክስጅን ጋር ማለት ነው። ማንደጃው ውስጥ አየር በቅጡ ካልደረሰ ግን ለአንዱ ካርቦን የሚደርሰው አንድ ኦክስጅን ብቻ ይሆናል። ያኔ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ገዳይ! ልዩነቱ የአንዲት ሮንዴላ ጉድለት ነው።

ስለዚህ በብርድ ጊዜ ከሰል አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ከሞት ጋር መጫወት ነው። «ጭሱ ወጥቶለታል፤ ፍም ሆኗል» የሚለውም አያድንም፤ ፍሙም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ።

ለተማሪዎች

ከብዙ ተማሪዎች ደብተር ላይ የሚታዩ ስሕተቶች ተመሳሳይ ናቸው። እነዚህን ያዙ፦

1ኛ. ሁልጊዜ «የምን ሞል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አንድ ሞል ኦክስጅን» ብሎ ዝም ማለት «አንድ ደርዘን ጫማ» እንደማለት ነው፤ ነጠላ ነው ወይስ ጥንድ? የኦክስጅን አቶም ከሆነ 16 ግራም፣ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚሄደው የኦክስጅን ሞለኪውል ከሆነ 32 ግራም ነው።

2ኛ. ግራምን ከግራም ጋር በቀጥታ አታጋጥሙ። መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከግራም ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ ግራም። ምሳሌ እንይ። 25 ግራም የኖራ ድንጋይ (ካልሲየም ካርቦኔት) በእሳት ቢበሰብስ ስንት ግራም ኖራ ይወጣል? የድንጋዩ አንድ ሞል 100 ግራም ነው፤ ስለዚህ 25 ግራሙ ሩብ ሞል ነው። ከአንዱ ድንጋይ አንድ ኖራ ስለሚወጣ ኖራውም ሩብ ሞል ነው። የኖራ አንድ ሞል 56 ግራም ነው፤ ሩቡ 14 ግራም። የቀረው 11 ግራም የት ገባ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ ሰማይ ሄደ። ቆጠራው አልጎደለም።

3ኛ. ከፊት የሚጻፈውን ቁጥርና ከሥር የሚጻፈውን ትንሿን ቁጥር አታምታቱ። ከሥር ያለችው በአንዱ ሞለኪውል ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ ትናገራለች፤ ከፊት ያለው ደግሞ ሞለኪውሉ ራሱ ስንት እንደሆነ ይናገራል።

4ኛ. «22.4 ሊትር» የምትለዋን ቁጥር በየቦታው አትለጥፏት። አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር የሚይዘው በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በባሕር ወለል ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ እዚህ አንድ ሞል ጋዝ ከ30 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ፈተናው ላይ የሙቀቱና የግፊቱ ነገር ምን እንደተባለ ሳታነቡ ቁጥሯን አትምዘዙ።

5ኛ. ከመጻፋችሁ በፊት መልሱን በዓይናችሁ መዝኑት። 18 ግራም ውሃ አንድ ሞል ከሆነ፣ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ «0.003 ሞል» የሚል መልስ ካመጣችሁ አንድ ቦታ ተገልብጧል ማለት ነው። 

ለወላጆች

«እኔም ድሮ አልገባኝም ነበር» ብላችሁ ልጁን አታጽናኑት፤ ተስፋ ማስቆረጥ ነው። ይልቅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባቄላና ምስር አምጡ። 100 ባቄላና 100 ምስር ቆጥራችሁ በአቅራቢያችሁ ካለ ባለሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝኑ። አንዱ የሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ ልጁ ራሱ ያግኘው። ከዚያ አንድ ጣሳ ባቄላ አስመዝኑና «ሳትቆጥር ይህን ያህል ፍሬ ምስር አምጣልኝ» በሉት። ሚዛኑን ይዞ ሲያመጣ «ይኸው ይሄ ነው ሞል ማለት» በሉት። ከዚያ በኋላ ቀመሩ ራሱ ይመጣል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ሞልም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ በባቄላ፣ ከዚያ በአቶም። የሚቆጠረው ነገር ሲያንስ መቁጠሪያው ይተልቃል እንጂ ቆጠራው ያው የልጅነታችን ቆጠራ ነው።

ለተማሪዎች መልካም ጥናት፤ መሣሪያ በቤታቸው ላላቸው ደግሞ ዛሬውኑ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን ያንብቡ!